የመፀው ማታ አስፈሪ ተረት፦ ከሐይቅ ዳር እስከ አምባሰል
(ለአዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)



ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል ከቃል አገጣጥማችሁ፣ አሁን ዓረፍተ ነገር ለማንበብ የበቃችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች! የዛሬው ንግግራችን ለየት ያለ ነው። ስለ እርሻ አይደለም። ስለ ጉድጓድ ውኃም አይደለም። ዛሬ የምናወራው ስለሚያስፈራ ነገር ነው። ስለ ጭራቅ፣ ስለ ጅን፣ ስለ ሙት መንፈስ፣ ሌሊት ሌሊት ጅብ ይሆናል ስለሚባል ሰው። እስቲ መብራቱን ጠጋ አድርጉትና አብረን እናንብብ።

«ምነው! እኛ ፊደል የቆጠርነው ለቁም ነገር እንጂ ለተረት ነው እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀስ እያልን እንመልሰዋለን። ተረት ውስጥ ቁም ነገር አለ። ተረትን ከወሬ መለየት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ቁም ነገር ነው።

ወቅቱ

በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ጊዜ መፀው ይባላል። ክረምቱ ወጥቷል። እህሉ እሸት ይይዛል፤ ቀጥሎም ይደርሳል። በሐይቅና በአምባሰል ቆላማ ቦታዎች ማሽላ የዘራ ገበሬ ማማ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። ሌሊቱ ይረዝማል፤ ብርዱም ይበረታል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው እኮ ለዚህ ነው። እሳት ዳር ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠሙ ማውራት የሚያምረው በዚህ ጊዜ ነው። ወሬው ደግሞ እየመሸ ሲሄድ ወደሚያስፈራው ያዘነብላል። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ይባል የለ? መስከረም ከጠባም በኋላ ጉዱ አያልቅም።

በሌላም አገር እንዲሁ ነው። በአየርላንድና በስኮትላንድ የጥንት ሰዎች እህላቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ሙታን ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ሌሊት አለ ብለው ያምኑ ነበር። ያ ሌሊት በእኛ ጥቅምት 21 ቀን ገደማ ይውላል። ዛሬ በብዙ አገር የጨዋታ በዓል ሆኗል፤ ልጆች የጭራቅ ጭንብል አጥልቀው ይዞራሉ። አስፈሪ መጻሕፍትም በዚያ ሰሞን በብዛት ይነበባሉ።

የእኛ መፀው የራሱ ፍርሃት አለው። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. የገባውን ታላቅ የጉንፋን ወረርሽኝ ያስታውሰናል። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ጠራው። በአዲስ አበባ ብቻ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ያን ጊዜ በሽታውን ያመጣው ምን እንደ ሆነ በዓለም ላይ የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም። ቫይረስ መሆኑ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ሰው የማያውቀውን ነገር ይፈራል። ለፈራው ነገር ደግሞ ስም ይሰጠዋል፤ ታሪክም ያበጅለታል። አስፈሪ ተረት ከዚህ ይነሣል።

የሐይቁ ተረት

ከደሴ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዙ የሐይቅን ከተማ ታገኛላችሁ። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ሐይቁ ተኝቷል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቅ በሆነው ቦታ 88 ሜትር ይወርዳል። ውኃው ወደ ውጭ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ሌሊት ዳሩ ላይ ቆሞ ያየው ሰው «ይህ ሁሉ ውኃ ከየት መጣ?» ማለቱ አይቀርም። የአካባቢው ተረት ለዚህ መልስ አለው። እንስማ።

ተረት ተረት። የላም በረት።

በድሮ ጊዜ ይህ ቦታ ሁሉ ደረቅ ምድር ነበር። በዚያ ምድር አንዲት ልዕልት ትኖር ነበር። ወዳጅ ነበራት፤ ዘመድ ነበራት፤ የሚቆጣት ግን አልነበረም። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴትም ነበረች። ልዕልቲቱ በዚያች ነፍሰ ጡር ላይ ግፍ ሠራች። ነፍሰ ጡሯ የምታደርገው ቢጠፋት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ፈጣሪ ግፉን አየ፤ ተቆጣም። በሴትዮዋ ዙሪያ ያለው ምድር ሁሉ ውኃ ሆነ። ልዕልቲቱ ከነወዳጅ ዘመዶቿ ሰጠመች። ያች ሴት የተቀመጠችበት ቦታ ግን አልራሰም። በውኃ መካከል ደሴት ሆኖ ቀረ።

ያ ቦታ ዛሬ በአንድ በኩል ከየብስ ጋር ተያይዟል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚያ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በዚህ ስፍራ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው አስተምረዋል። መጻሕፍትም በብራና ይጻፉ ነበር። እንግዲህ በዚያ ሐይቅ ዳር ከ700 ዓመት በላይ ሲነበብና ሲጻፍ ኖሯል ማለት ነው። ዛሬ ንባብ የጀመራችሁ የሐይቅ ሰዎች፣ ሰፈራችሁ ለፊደል አዲስ አይደለም። አንድ የሚያስገርም ነገርም ልጨምር። ተረቱ ቦታው የተረፈው ለአንዲት ሴት ሲባል ነው ይላል። ገዳሙ ግን የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አትገባበትም። ይህን እናንተ ተወያዩበት።

ታዲያ ተረቱ እውነት ነው? የመሬት ጥናት ባለሙያዎች ሐይቁ የተፈጠረው መሬት ተሰንጥቆ በመስመጡ ነው ይላሉ። ስለ ውኃው አመጣጥ ማወቅ የፈለገ እነሱን ይጠይቅ። ተረቱ የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። አቅም የሌለውን ሰው የምትገፉ፣ የቆማችሁበት መሬት አይከዳችሁም ብላችሁ አትመኑ ይላል። ይህን ቃል በስብሰባ ላይ የሚናገር ሰው ቢመጣ ሁላችን እናንቀላፋለን። በውኃና በሌሊት አድርጎ የነገረን ግን ልጅ ሆነን የሰማነውን አርጅተንም አንረሳውም። የአስፈሪ ተረት ጉልበቱ ይህ ነው።

ከአምባሰል የወጣ ልብ ወለድ

አሁን ወደ አምባሰል እንውጣ። ግሸን ማርያምን የማያውቅ የለም። አምባው በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ይመስላል። መስከረም 21 ቀን ስንትና ስንት ሺህ ሰው ገደሉን ይወጣል። ይህ አምባ በጥንት ዘመን፣ እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ፣ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት እስር ቤት ነበር። ዙፋን እንዳይሻሙ እዚያ ላይ ይዘጋባቸዋል። የንጉሥ ልጅ ሆኖ ተወልዶ ከአንድ ገደል በላይ ዓለምን ሳያዩ መሞት! ይህስ አያስፈራም?

ወሬው ባሕር ተሻገረ። ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ደራሲ አገራችንን አይቶ አያውቅም። ነገር ግን ስለ አገራችን የተጻፈ የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሞ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1759 እ.ኤ.አ. «ራስላስ» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመ። ሲራክ ኅሩይ ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መልሰውታል።

ልብ ወለድ ማለት ምንድን ነው? ደራሲ በልቡ ያሰበውና የፈጠረው ታሪክ ማለት ነው። ውሸት አይደለም። ውሸታም ሰው «እመኑኝ» ይላል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን «ኑ፣ ‹ቢሆንስ› ብለን አብረን እናስብ» ይላል። የእኛው ደራሲ አቤ ጉበኛ በ1950ዎቹ «አልወለድም» የሚል መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በመጽሐፉ ገና በማኅፀን ያለ ልጅ «ወደዚህ ዓለም አልወጣም» እያለ ይከራከራል። ፅንስ እንደማይናገር ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም በጊዜው የነበረው መንግሥት መጽሐፉን አገደው። የማይሆን ነገር እየነገረ የሆነውን ነገር ስላሳየ ነው።

ወደ ራስላስ እንመለስ። ራስላስ የንጉሥ ልጅ ነው። በተራራ በተከበበ ውብ ሸለቆ ተዘግቶበት ይኖራል። ከእኅቱ፣ ከእኅቱ ደንገጡርና ከአንድ ሊቅ ጋር ሆኖ ሾልኮ ይወጣል። ዓለምን ሲዞሩ ግብፅ ይደርሳሉ። የጥንት ነገሥታት መቃብር ወደ ሆነው ወደ ታላቁ ፒራሚድ ይሄዳሉ። ደንገጡሯ ስሟ ፔኩዋ ነው። ፔኩዋ የሙታን መንፈስ ፈራች። «እኔስ አልገባም» ብላ ከውጭ ድንኳን ውስጥ ቀረች። ሌሎቹ ገቡ። ውስጡን ዞረው ሲያዩ ምንም አልነካቸውም። ሲወጡ ግን ፔኩዋ የለችም! ፈረሰኞች ዘራፊዎች መጥተው ወስደዋታል። ወራት ቆይቶ በወርቅ ተዋጅታ ተመለሰች።

አያችሁ? ሙታኑ ዝም ብለው ተኝተዋል። ጉዳት ያደረሱት በሕይወት ያሉት ናቸው። ፔኩዋ ፍርሃቷን ያኖረችው በተሳሳተ ቦታ ነበር። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

በሌላ ሐይቅ ዳር

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ ሐይቅ እንሂድ። በ1815 እ.ኤ.አ. በኢንዶኔዥያ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ ሰማዩን ሸፈነ። በሚቀጥለው ዓመት በአውሮፓ በጋው ብርድና ዝናብ ሆነ። በስዊዘርላንድ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ጥቂት ወዳጆች ዝናቡ ቤት አዋላቸው። «እያንዳንዳችን አንድ አስፈሪ ታሪክ እንጻፍ» ተባባሉ። ከመካከላቸው ሜሪ የምትባል የ18 ዓመት ወጣት ነበረች። በኋላ ሜሪ ሼሊ የተባለችው ናት። የጻፈችው ታሪክ «ፍራንከንስታይን» ይባላል፤ በ1818 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ተማሪ ከሬሳ ከተሰበሰበ አካል ሰው የሚመስል ፍጡር ሠርቶ ሕይወት ሰጠው። ፍጡሩ ዓይኑን ሲገልጥ ሠሪው መልኩን አይቶ ደነገጠና ጥሎት ሸሸ። ፍጡሩ መጀመሪያ ክፉ አልነበረም። ተደብቆ ሰዎች ሲነጋገሩ እየሰማ ቋንቋ ለመደ። እንዲያውም ማንበብ ተማረ! እንደ እናንተው አዲስ አንባቢ ነበር ማለት ነው። ሰው ወዳለበት ሲጠጋ ግን መልኩን እያዩ ደበደቡት፤ አባረሩትም። በመጨረሻ ልቡ ጠቆረ፤ ነፍሰ ገዳይም ሆነ። አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ «ጭራቁ ማን ነበር? የተሠራው ወይስ ጥሎት የሸሸው?» ብሎ ይጠይቃል።

ተረቱ ስም ሲያገኝ

እሺ፤ አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እሳት ዳር ከሚወራው ሁሉ የሚያስፈራው የቡዳ ወሬ ነው። «እገሌ ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይባላል። «ሰዎች አንድ ጅብ ገደሉ፤ ጆሮው ላይ ጉትቻ አገኙበት» ይባላል። ይህን የጉትቻ ወሬ ከ150 ዓመት በፊት አገራችንን የጎበኙ የውጭ ተጓዦች ሳይቀሩ ጽፈውታል። እንደ ተረት ሲሰሙት ገላን ውርር ያደርጋል። ጉትቻ ያንጠለጠለ ጅብ! እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ ተራኪ የተዋጣለት ተራኪ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ተረቱ ስም ሲያገኝ ነው። «አንድ ጅብ» መባሉ ቀርቶ «ያች ማድጋ የምትሸጠው ሴትዮ» ሲባል፣ ያን ጊዜ ተረትነቱ አለቀ። ክስ ሆነ። ልጇ በመንገድ ላይ ይሰደባል። ጎረቤት እሳት አይጫጫራትም። ልጇን የሚያገባ ይጠፋል። ሕፃን በታመመ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል። ምስክር የለም፤ ዳኛ የለም፤ ይግባኝም የለም።

እስቲ እንጠያየቅ። ማረሻችሁን የሠራላችሁ ማን ነው? እንጀራ የምትጋግሩበትን ምጣድ፣ ቡና የምታፈሉበትን ጀበና የሠራችው ማን ናት? የለበሳችሁትን ጋቢ የሸመነው ማን ነው? ቡዳ እየተባሉ የኖሩት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ናቸው። ያለ እነሱ እጅ አንዲት ቀን አንውልም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጀው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ግን ከሰው አፍ ገና አልጠፋም።

ሌላም ጉዳት አለ። የሚጥል በሽታን እንመልከት። አንድ ሰው በድንገት ወድቆ ሲንፈራገጥ «ጅን ያዘው፣ ጋኔን ጣለው፣ እንዳትነኩት!» ይባላል። እሳት ላይ ወይም ውኃ ውስጥ ወድቆ የሚያወጣው ይጠፋል። ይህ በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መድኃኒት አለው። መድኃኒቱን በትክክል ቢወስዱ ከ100 ሕመምተኞች እስከ 70 የሚሆኑት መውደቁ ይቀርላቸዋል። ሰው ሲወድቅ ብታዩ ከእሳትና ከውኃ አርቁት። በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ምንም ነገር አትጨምሩ። ክብሪት ለኩሳችሁ አታሽትቱት፤ አይጠቅመውም። እስኪነቃ አጠገቡ ሁኑ። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየበት ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ፔኩዋን አስታወሳችኋት? የሙት መንፈስ ፈርታ ዘራፊ ያዛት። እኛም ጅን ስንፈራ ወንድማችን እሳት ውስጥ ይቀራል። ቡዳ ስንፈራ እኛው የሰው ቤት እናፈርሳለን። የሐይቋ ነፍሰ ጡር ብትመጣ ምን ትለን ይሆን?

ታዲያ እንዴት እናንብብ?

እንግዲህ አስፈሪ ታሪክ አታንብቡ እያልኩ አይደለም። አንብቡ! አንድ ገጽ አልቆ «ቀጥሎ ምን ሆነ?» የሚያሰኝ ጽሑፍ ንባብን ያለማምዳል። ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ የሰበሰቧቸው ተረቶች «ተረት ተረት የመሠረት» በሚባል መጽሐፍ አሉ፤ ቃላቸው ለጀማሪ አይከብድም። ስታነቡ እነዚህን ምክሮች ያዙ።

አንደኛ፣ ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡ። አንዱ ያንብብ፤ ሌላው ይስማ። አራት ነጥብ ስታዩ ቁሙ፤ ትንፋሽ ውሰዱ። በአስፈሪ ታሪክ ውስጥ ዝምታውም ይነበባል። ቃለ አጋኖ ሲመጣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ። ረጅም ቃል ካጋጠማችሁ አትፍሩት፤ ከፋፍላችሁ አንብቡት። «ሲያስፈራራቸው» የሚለው ቃል ከጭራቁ ይልቅ ሊያስፈራ ይችላል። ሲ፣ ያስ፣ ፈራ፣ ራቸው ብትሉት ግን ይሸነፋል።

ሁለተኛ፣ መጨረሻው ሳይደርስ መጽሐፉን ዝጉና «ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ተባባሉ። ከዚያ ከፍታችሁ አረጋግጡ።

ሦስተኛ፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ማን አየ? ማን ነገረው? ማን ይጎዳበታል? በተረት ውስጥ ማንም በዓይኑ አላየም፤ ማንምም አይጎዳም። ስለዚህ ተዝናኑበት። «እገሌ አይቷል፣ እገሊት ናት» የሚል ነገር ከመጣ ግን ወሬ ነው። በጽሑፍም ቢመጣ፣ በስልክም ቢመጣ ያው ወሬ ነው። የታተመ ሁሉ እውነት አይደለም። ማንበብ መቻል ማለት ይህንንም መለየት ማለት ነው።

አራተኛ፣ ትንንሽ ልጆች ካሉ አስፈሪው ላይ አታቁሙ። አያ ጅቦን እመት ጦጢት ስታታልለው ያለውን አንብባችሁ፣ አሥቃችሁ አስተኟቸው።

የመጨረሻው ምክር ስለ መጻፍ ነው። በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በአምባሰል መንደሮች ገና ያልተጻፈ ስንት ተረት አለ! ክርስቲያኑ ስለ ጋኔን ያወራል፤ ሙስሊሙ ስለ ጅን ያወራል። ቡና ላይ ሲገናኙ ሁለቱ አንድ ተረት ይሆናሉ። ተረቱን የሚያውቁት አያቶቻችን ናቸው። አንድ አያት ሲያልፉ የሚያውቁት ተረት አብሮ ይቀበራል። እናንተ ግን አሁን እርሳስ መያዝ ትችላላችሁ። ቤታችሁ ያሉትን አያት «እማማ፣ ያንን ተረት እስቲ ይንገሩኝ» በሏቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቁና እሳቸው እንዳሉት ጻፉት። ቃሉን አታሳምሩት። ከታች ስማቸውን፣ ሰፈሩንና ቀኑን አኑሩ። አንድ ገጽ ይበቃል። ሜሪ ሼሊም የጀመረችው ከአንድ ገጽ ነው።

ለዛሬው እዚህ ላይ ይብቃን። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ደኅና እደሩ!

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሐይቁ ተረት ውስጥ ውኃው የመጣው በምን ምክንያት ነው? የመሬት ጥናት ባለሙያዎችስ ምን ይላሉ?
2. ፔኩዋ የፈራችው ምንን ነበር? ያገኛትስ ምንድን ነው?
3. በሰፈራችሁ ስሙ የጠፋ ባለ እጅ አለ? ስሙን ለመመለስ ምን ታደርጋላችሁ?
4. ከቤታችሁ ሰው አንድ ተረት ሰምታችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ለጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው።